ጠባያቸው የማይገጥም ሁለት ሕፃናትን ይዞ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ መብረር

ጥያቄ፤ ከሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ለገና በዓል ሁለት ልጆቼን ይዤ ከዋሽንግተን ዳለስ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ቲኬት ቆርጫለሁ። ባለቤቴ ፈቃድ የሚያገኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ በመሆኑ ስንሄድ ብቻዬን ነኝ፤ ስንመለስ ግን አብሮን ይሆናል። በረራው መንገድ ላይ ሳያርፍ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ስለሆነ፣ ገና ከወር በላይ እየቀረው እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ትልቁ ወንድ ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ሲሆን 13 ኪሎ ይመዝናል። እግሩን ከተከለ ጀምሮ ረግቶ ተቀምጦ አያውቅም። ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ አፍታ ይወዳጃል፤ የፈለገውን ሲከለከል ግን መሬት ላይ ተዘርሮ ይጮኻል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥቶ ይስቃል። ትንሿ 10 ወሯ ነው። እርሷ ዝምተኛ ናት። ሰው መለየት ከጀመረች ወዲህ ከእኔና ከአባቷ በቀር ማንም እንዲያነሣት አትፈልግም፤ ስትከፋም እንደ ወንድሟ አትጮኽም፣ ፊቷን አንገቴ ሥር ቀብራ ድምፅዋን ታጠፋለች፣ ጡት ስሰጣት እንኳ አፏን ታዞራለች። ከራሷ አልጋ ውጭ እንቅልፍ የሚወስዳት በጣም ስትደክም ብቻ ነው።

ብዙ ምክር አንብቤአለሁ፤ አብዛኛው ግን ሕፃን ሁሉ አንድ ዓይነት እንደ ሆነ ተደርጎ የተጻፈ በመሆኑ ግራ አጋብቶኛል። «አውሮፕላኑ ውስጥ ከሌላው መንገደኛ ቀድማችሁ ግቡ» ይላሉ፤ ታዲያ ወንዱን ቀድሜ አስገብቼ፣ አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ ለአንድ ሰዓት ያህል አስሬ ላስቀምጠው ነው? «አይቶት የማያውቀውን አሻንጉሊት ያዙ» ይላሉ፤ ሴቷ አዲስ ነገር ስታይ ትሸሻለች። «አስተናጋጆቹ ለጥቂት ጊዜ እንዲይዙላችሁ ጠይቁ» ይላሉ፤ እርሱስ ይሁን፣ እርሷን እንዴት አድርጌ?

ልምድ ያላችሁ ሁሉ እንድትረዱኝ የምፈልገው የት ብቀመጥ እንደሚሻል፣ ጆሯቸውን እንዳያማቸው ምን ማድረግ እንዳለብኝ፣ እንዲሁም አንዲት ወዳጄ «ከመነሣታችሁ በፊት ለወንዱ የሚያስተኛ የአለርጂ ሽሮፕ ስጪው» ያለችኝ ነገር ይበጅ እንደ ሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር የሚያስፈራኝ ወንዱ ነው፤ ሴቷ ለማንም የምትከብድ አይመስለኝም።

መልስ 1፤ ከቀድሞ የበረራ አስተናጋጅ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ስላሳለፍሁ ስለ መቀመጫው የማውቀውን ልንገርዎ።

ለሕፃን የሚሆነው ትንሽ አልጋ የሚንጠለጠለው ከፊት ለፊት ግድግዳ ባለበት ረድፍ ላይ ብቻ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ ደውሎ መያዝ ያስፈልጋል። የክብደት ገደቡም ከአየር መንገድ አየር መንገድ፣ ከአውሮፕላን አውሮፕላን ስለሚለያይ፣ ሲደውሉ የልጅቱን ኪሎ ነግረው ይጠይቁ፤ የ10 ወር ልጅ ከገደቡ ብዙም የማትርቅ ልትሆን ትችላለች። ሌላም ማወቅ የሚገባዎ ነገር አለ። የቀበቶ ምልክት በበራ ቁጥር ሕፃኗ ከአልጋው ወጥታ ጭንዎ ላይ መቀመጥ አለባት። የትም ቢያስተኟት የሚወስዳትን ልጅ ይህ ብዙም አይጎዳትም፤ የእርስዎን ልጅ ግን በስንት መከራ ካስተኟት በኋላ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊያነሧት ይገደዳሉ። በዚህ ምክንያት አልጋውን እንደ ዕቃ ማኖሪያ ይቁጠሩትና እርሷን በደረትዎ በማዘያ ይያዙ እላለሁ። ሲነሡና ሲያርፉ ግን ከማዘያው አውጥተው፣ ከእርስዎ ቀበቶ ጋር በሚያያዝ የሕፃን ቀበቶ ወይም አስተናጋጁ በሚያሳይዎ መንገድ ይያዟት። የራስዎን ቀበቶ በሁለታችሁ ላይ ፈጽሞ አይሰሩ፤ አውሮፕላኑ በድንገት ቢቆም የእርስዎ ክብደት ነው የሚጫናት።

ያ የፊት ረድፍ ለወንዱ መልካምም ክፉም ነው። መልካምነቱ ከፊቱ የሚረግጠው የሰው ወንበር አለመኖሩና ወለሉ ላይ ትንሽ መቆሚያ ማግኘቱ ነው። ክፋቱ ደግሞ ሲነሡና ሲያርፉ ዕቃዎ ሁሉ ከላይ መቀመጥ ስላለበት፣ ልጁ በጣም በሚያስቸግርበት ሰዓት እጅዎ ባዶ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለእነዚያ ደቂቃዎች የሚሆን አንድ ብስኩትና አንድ መጫወቻ በኪስዎ ይያዙ።

ልጁ ሁለት ዓመት ስላለፈው የራሱ መቀመጫ አለው። በመኪና ውስጥ የራሱ ወንበር ላይ ሳያለቅስ የሚታሰር ከሆነ፣ ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዳለበት አይተው ያንኑ ወንበር ይዘውት ይምጡ። እንዲህ ያሉ ልጆች ከአዲስ ቀበቶ ጋር ሲታገሉ ውለው፣ የለመዱት ወንበር ላይ ሲሆኑ «አሁን መኪና ውስጥ ነን» ብለው እጃቸውን ሲሰጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ወንበሩ የሚታሰረው ሌላ ሰው መውጫ እንዳያጣ በመስኮት በኩል ነው። መሸከሙ ከከበደዎ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝኑ ልጆች የተሠራ፣ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የፈቀደው ቀለል ያለ የደረት ማሰሪያ አለ፤ ልጅዎ በ13 ኪሎው ይገባበታል።

ቀድሞ ስለ መግባት የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንደ ወንዱ ላለ ልጅ ቀድሞ መግባት ቅጣት ነው፤ እንደ ሴቷ ላለች ልጅ ደግሞ አውሮፕላኑ ሰው ሳይሞላው ገብታ ቦታውን ማየቷ ይጠቅማታል። ሁለት ወላጅ ሲኖር አንዱ ከአንዷ ጋር ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ከሌላው ጋር መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ስትመለሱ እንዲሁ አድርጉ። አሁን ግን ብቻዎን ስለሆኑ ወደ መጨረሻው ይግቡ ባይ ነኝ፤ ሴቷ የትም ቦታ ብትሆን በደረትዎ ላይ ናት፣ ወንዱ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ በመጠበቂያው አዳራሽ ይሩጥ።

ምግብ ሲታደል ትኩስ ሻይና ቡና በአጠገባችሁ እንዳይቀመጥ ይከልክሉ። ለሕፃን የሚሆን ወተት፣ አጥሚትና የተፈጨ ምግብ በአሜሪካ ፍተሻ ከ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ውጭ ነው፤ ለፈታሹ አስቀድመው ይናገሩ እንጂ አይደብቁ።

ስለ መመለሻው አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤትዎ ሲኖር ጎን ለጎን ብትቀመጡ ደስ ይላል፤ ሌላ ሕፃን ጭኑ ላይ የያዘ ሰው በዚያው ረድፍ ካለ ግን ልትለያዩ ትችላላችሁ። ከላይ የሚወርዱት የኦክስጅን ጭምብሎች ቁጥር ከመቀመጫዎቹ የሚበልጠው ብዙውን ጊዜ በአንድ ብቻ ስለሆነ ነው። አስተናጋጇ ክፉ ሆና አይደለም።

መልስ 2፤ ከሁለት ሴት ልጆች አባት፣ ፍራንክፈርት

የእኛ በረራ ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ከእርስዎ ጋር ልወዳደር አልችልም። ነገር ግን «ሴቷ ለማንም የምትከብድ አይመስለኝም» ያሉትን ሳነብ ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ እኔም ያንኑ ብዬ ነበርና።

ትልቋ ልጄ እንደ ወንድ ልጅዎ እሳት ናት። አውሮፕላኑ ውስጥ ያሰለቸችን ያህል አሰልችታን፣ ከኋላችን የነበሩትን ሰዎች ሁሉ ስማቸውን ጠይቃ፣ ሁለት ጊዜ አልቅሳ፣ በመጨረሻ ተኛች። ታናሿ ግን ድምፅ ሳታሰማ ደረሰች። እኔና እናቷ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህችስ መልአክ ናት» ተባባልን። ለካስ መልአክ አልነበረችም፤ ደንግጣ ነበር እንጂ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም፣ ጡጦዋን ከግማሽ በላይ አልጠጣችም፤ እኛ ከእኅቷ ጋር ስንታገል አላየናትም።

ቦሌ ስንወጣ ከሃያ የሚበልጥ ዘመድ እልልታውን አቀለጠው። አንዷ አክስት ከእጄ ነጥቃ ሳመቻት፣ ለሌላዋ አቀበለቻት፣ ያችኛዋ ደግሞ ለሦስተኛዋ። ትልቋ በሰው ሁሉ ትከሻ ላይ እየዞረች ስትስቅ፣ ትንሿ መጀመሪያ ደረቀች፣ ከዚያም እንዲህ ያለ ልቅሶ አለቀሰች፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ለሦስት ቀን ከእናቷ ጀርባ አልወረደችም። አያቷ «ልጅቷ ጠላችኝ» ብለው አዘኑ፤ እርሳቸውን ለማጽናናት የፈጀነው ጊዜ ልጅቷን ለማባበል ከፈጀነው ይበልጣል።

ስለዚህ ፍርሃትዎን ሁሉ ለወንዱ አይስጡት። እርሱ ሲቸገር ለመላው አውሮፕላን ይናገራል፤ እርሷ አትናገርም።

መልስ 3፤ ከሕፃናት ክፍል ነርስ፣ አዲስ አበባ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ደስ ብሎኛል፤ የፍራንክፈርቱ ወንድማችን የነገሩን ደግሞ በሙያችን የታወቀ ነገር ነው። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ከ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በኒው ዮርክ ሕፃናትን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው፣ ልጅ ከጅምሩ የራሱን ጠባይ ይዞ እንደሚመጣ ጽፈዋል። በእነርሱ አከፋፈል 40 በመቶ ያህሉ ልጆች ገር፣ 10 በመቶ ያህሉ አስቸጋሪ፣ 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ ለአዲስ ነገር ቀስ ብለው የሚለመዱ ሆነው ሲገኙ፣ የቀሩት 35 በመቶ ያህሉ በአንዱም ውስጥ አልገቡም። የእርስዎ ሴት ልጅ ከሦስተኛዎቹ ትመስላለች፤ በርግጥ በ10 ወር ሰው መፍራት የዕድሜም ነው። ወንዱን ግን «አስቸጋሪ» ብዬ አልጠራውም፤ የሚጮኸው በኃይል ቢሆንም ለሰው ልቡ ክፍት ነው፣ ቶሎም ይረሳል። ሐኪሞቹ አጥብቀው የተናገሩት የልጁ ጠባይ ብቻውን ችግር እንደማይሆን፣ ችግር የሚመጣው ጠባዩና ከእርሱ የሚጠበቀው ነገር ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ መሆኑን ነው። አሥራ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ለወንዱ አይገጥምም፤ ከሃያ ሰው እጅ ወደ እጅ መዞር ለሴቷ አይገጥምም።

ስለ ሽሮፑ፦ አይስጡት። የአለርጂ መድኃኒትን ለማስተኛ ብሎ ለሕፃን መስጠት አይመከርም፤ መጠኑ ከበዛ አደገኛ ነው፣ ልክ ሆኖ እንኳ አንዳንድ ልጆችን ከማስተኛት ይልቅ ያቅበጠብጣቸዋል። የሚያቅበጠብጣቸው የትኞቹን እንደ ሆነ የሚያውቁት ደግሞ ከሰማይ ላይ ሆነው ነው።

ስለ ጆሮ ግን ብዙዎች የማያስተውሉትን አንድ ነገር ልንገርዎ። ጆሮ የሚያመው በአብዛኛው አውሮፕላኑ ሲወርድ ነው፤ በዚያን ጊዜ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ስለሚጨምርና ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ በሕፃናት ላይ በቀላሉ ስለማይከፈት ነው። አውሮፕላኑ በከፍታ ሲበር ውስጡ ያለው አየር ከፍ ካለ ተራራ ላይ ያለን አየር ይመስላል፤ ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 በመሳሰሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ይህ ከፍታ ከ1,800 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ይገኛል። እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ ሲያርፉ የልጆቹ ጆሮ የሚሰማው መውረድን ሳይሆን ጥቂት መውጣትን ነው፤ ይህ ደግሞ ለጆሮ ቀላል ነው። መጠንቀቅ ያለብዎት ስትመለሱ ነው፤ ዳለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። በተጨማሪም ከቦሌ ከፍታ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ስለሚከብድ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ የሚወርዱት ሁለት ጊዜ ነው። መውረድ እንደ ተጀመረ፣ ማለትም ከማረፍ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ፣ ሴቷን ጡት ያጥቡ፣ ወንዱን በቀጭን ማንኪያ ወይም በስትሮ ያጠጡ። ሴቷ ከፍቷት ጡት እምቢ የምትል ከሆነ ጠብታ ውኃ ወይም የለመደችው የሚጠባ ነገር ይበቃል፤ ዋናው መዋጧ ነው። ጉንፋን ይዟቸው ወይም ጆሯቸውን አሟቸው ከሆነ ግን ከመነሣትዎ በፊት ሐኪም ይያቸው።

የሰዓቱንም ነገር ያስቡ። በጥር ወር ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ረፋድ ላይ ከዳለስ ተነሥታችሁ በማግስቱ ጠዋት ስትደርሱ፣ ለልጆቹ ሰውነት እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ወንዱ የበረራውን ትልቁን ክፍል ነቅቶ ነው የሚያሳልፈው፤ ጉልበትዎን ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሳይሆን ከእንቅልፍ ሰዓቱ በፊት ላሉት ሦስት ሰዓታት ያስቀምጡ፣ ቪዲዮውንም እስከዚያ ያቆዩለት። ሴቷ ደግሞ በራሷ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው እልልታው የሚቀበላት።

ለመንገድ ቆሎና ኦቾሎኒ አይያዙ፤ በዚህ ዕድሜ ያንቃቸዋል።

መልስ 4፤ ከአንዲት አያት፣ ባሕር ዳር

ልጄ፣ የተማሩት ተናግረዋል፤ እኔ ስምንት የልጅ ልጅ ከውጭ አገር ስለተቀበልኩ የተቀባዩን ወገን ልናገር።

አንቺ መናገር የማትችይው ነገር አለ። እናትሽን «ልጄን አትንኩብኝ» ብትያት ትቀየማለች፤ «ፈረንጅ ሆነች» ትልሻለች። ስለዚህ ከመምጣትሽ በፊት ከባለቤትሽ ወይም ከታላቅ እኅትሽ አንዱ ይንገራት፤ «ሕፃኗ ሰው እስክትለምድ አንድ ቀን ይፈጅባታል፣ መጀመሪያ የምትለምደው ግን አንቺን ነው» ይበላት። አያት እንዲህ ሲሏት ትታገሣለች። ሌላው ሰው ሁሉ ወንዱን ይሳም፤ እርሱ ለሁሉም ይበቃል።

ሕፃኗን ደግሞ አንቀልባ ውስጥ አድርገሽ በነጠላሽ ሸፍነሽ ውጪ። ነጠላውን ከመምጣትሽ በፊት ሳምንት ያህል አልጋዋ ላይ አንጥፊላት፣ አትጠቢው፤ የቤቷን ሽታ ይዞ ይምጣ። አዲስ ነገር የማትወድ ልጅ አሮጌ ነገር ነው የሚያባብላት። አውሮፕላን ውስጥም ቢሆን የቀበቶው መብራት ሲጠፋ እሹሩሩ እያልሽ በመተላለፊያው መመላለስ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ለወንዱ በሶ በማር ጨብጠሽ ያዢለት፤ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፣ አፉ ሲሠራ እግሩ ያርፋል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ የፊት ረድፉን ይዣለሁ፤ ሴቷ 9 ኪሎ በመሆኗ ለአልጋው ትበቃለች ብለውኛል፤ እኔ ግን እንደተባልሁት ለዳይፐርና ለጡጦ ማኖሪያ ነው የማስበው። ወንዱ በመኪና ወንበሩ ላይ ሳያለቅስ ስለሚቀመጥ፣ ከባድም ቢሆን እርሱኑ እይዛለሁ። ሽሮፑን ትቼዋለሁ። ነጠላው ትናንት ማታ አልጋዋ ላይ ተነጥፏል።

አንድ ነገር ብቻ ከበደኝ። እኅቴ ለእናቴ ሁለት ሰው ብቻ ይዛ እንድትመጣ ነግራት ነበር። እናቴ «ታዲያ ማንን አስቀርቼ ማንን ላምጣ? ሚኒባስ እኮ ተከራይቻለሁ» ብላለች።

መልስ 5፤ ከአያቲቱ፣ ባሕር ዳር

ልጄ፣ ሚኒባሱ ይምጣ፤ የአንቺ ሻንጣ፣ የልጁ ወንበርና ጋሪው ተጨምረው በታክሲ የሚበቃሽ አይደለሽም። እናትሽና እኅትሽ ብቻ በር ላይ ይቁሙ፣ የቀሩት ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ። ወንዱን አስቀድመሽ ወደ እነርሱ ላኪው፤ እርሱ ሲደርስ እልል ይበሉ፣ መስኮቱን ግን ይዝጉት።